ደረሰኙ የሚያውቀውን መንገዱም ይወቀው

የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ መንገድና ስለ አንድ የደረሰኝ ጥራዝ ነው። መንገዱ ከደባርቅ ተነሥቶ በቡይት ራስ፣ በሳንቃበርና በጨነቅ በኩል ሽቅብ ወጥቶ፣ 4,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የቧሂትን በር ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ የሚዘልቀው የጠጠር መንገድ ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን መሐል ለመሐል ያቋርጣል። የደረሰኙ ጥራዝ ያለው ደግሞ እዚሁ ደባርቅ፣ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። ወደ ተራራው የሚወጣ ጎብኚ መጀመሪያ እዚያ ቆሞ ይከፍላል፤ ስካውት ይመደብለታል፤ አስጎብኚም እዚያው ያገኛል። ስለዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስንት ሰው በስንት መኪና እንደወጣ፣ ማን በዕለቱ እንደሚመለስና ማን እንደሚያድር ሊያውቅ የሚችል አንድ ቢሮ በዚህች ከተማ አለ። ከጎንደር ተነሥቶ ዳባት የደረሰው ሹፌር ግን ይህን አያውቅም። ከጃናሞራዋ መካነ ብርሃን ሰው ጭኖ ቧሂትን የሚወጣው የአውቶቡስ ሹፌርም አያውቅም። የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። በፓርኩ መንገድ ላይ የሚፈጠረውን መጨናነቅ ለማቃለል፣ መንገድ ከማስፋትና ማቆሚያ ከመገንባት በፊት፣ ይህን እውቀት ከጥራዙ አውጥቶ መንገደኛው ሐሳቡን ገና ሊቀይር በሚችልበት ቦታ፣ መንገድ ዳር በሰሌዳ ላይ ማስቀመጥ ይገባል።

መጨናነቅ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን የአዲስ አበባው መገናኛ ወይም ሜክሲኮ አደባባይ ነው። በዚያ ሚዛን ከለካነው ስሜን ላይ መጨናነቅ የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሚዛኑ ራሱ ለዚህ አገር አልተሠራም። ከተማ ውስጥ መንገድ የሚዘጋው በመኪናው ብዛት ነው፤ ተራራ ላይ የሚዘጋው በሰዓትና በቦታ መገጣጠም ነው። እንዴት እንደሚሆን እንመልከት። በቀን ደርሶ መልስ ለመጎብኘት ከጎንደር የሚነሣ ሰው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይወጣል፤ መቶ ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ 2 ሰዓት አካባቢ ደባርቅ ይገባል፤ ከፍሎ ስካውቱን አሳፍሮ ይቀጥላል። ደባርቅ ያደረውም ቁርሱን በልቶ የሚነሣው በዚያው ሰዓት ነው። ጭላዳዎቹ በበኩላቸው ሌሊቱን ካደሩበት የገደል ከንፈር ወጥተው ሜዳው ላይ ሣር መንጨት የሚጀምሩት ፀሐይ ሲሞቅ ነው። ሦስቱ ነገሮች ቡይት ራስ አካባቢ በአንድ ሰዓት ይገናኛሉ። የመጀመሪያው መኪና መንጋውን ያያል፤ ይቆማል። ሁለተኛው ከኋላው ይቆማል። ሦስተኛውና አራተኛው ማለፊያ ስላጡ በሌላው ጠርዝ ይጠጋሉ። በዚህ መሐል ከላይ እህል የጫነ አይሱዙ ኩርባውን ዞሮ ይመጣል፤ በአንድ ወገን ተራራው፣ በሌላው ወገን ገደሉ ነው። ስካውቱ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ወርዶ በእጁ ወደ ኋላ ያስነዳል። አራት መኪናና አንድ አይሱዙ፣ አቧራና ጥሩምባ፣ የሚበረግግ መንጋ፤ ተራራ ላይ መጨናነቅ የምንለው ይህ ነው። አምስት መኪና በከተማ ምንም አይደለም። እዚህ ግን ግማሽ ሰዓት ይበላል፤ ኩርባው ክፉ ከሆነም ሕይወት ሊበላ ይችላል።

ይህንን መንገድ የጎብኚ መንገድ ብቻ አድርጎ ማየት ትልቅ ስሕተት ነው። ከቧሂት ማዶ ጃናሞራ አለ፤ ከዚያም አልፎ በየዳ። ደረስጌ ማርያም ያለችው በዚያ ወገን ነው። ደጃዝማች ውቤ ያሠሯት፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃች ካሣ ውቤን ድል ካደረጉ በኋላ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ የደፉባት ቤተ ክርስቲያን ናት። የአገሪቱ ታሪክ የተገለበጠበት ያ ስፍራ ዛሬ ከደባርቅ ጋር የሚገናኘው በመኪና መንገድ ነው፤ ሕዝቡም ይህን መንገድ የሚፈልገው ለሽርሽር አይደለም። ወላድ ወደ ሆስፒታል፣ ገብስና በግ ወደ ገበያ፣ ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት፣ ባለጉዳይ ወደ ዞን ቢሮ የሚሄድበት ነው። ለጎብኚው ግማሽ ሰዓት መዘግየት የአንድ ፎቶግራፍ ጉዳይ ይሆናል። ምጥ ላይ ላለችው እናት ሌላ ነው። ስለዚህ የመንገድ ዳር መረጃ ለማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሴ ከጎብኚው በፊት ለጃናሞራው ሹፌር ነው የሚል ነው። ዛሬ እርሱ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ አይቆምም፤ ማንም አይነግረውም፤ ማንም አይጠይቀውም። ጎብኚው ግን ስለ እርሱ፣ እርሱም ስለ ጎብኚው ማወቅ አለባቸው፤ ያቺ ኩርባ ላይ የሚገናኙት እነርሱ ናቸውና።

እዚህ ላይ ከሁሉ በፊት የሚነሣው ተቃውሞ «መንገዱን አስፍቶ አስፋልት ማድረግ ነው እንጂ ሰሌዳ ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። የተጠማ ሕዝብ ጥያቄ ስለሆነ በአክብሮት ሊመለስ ይገባዋል። ስሜን በ1962 ዓ.ም. በሕግ ፓርክ ሆነ። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ነበር፤ ላሊበላም አብሮት ሰፍሯል። በኅዳር 1989 ዓ.ም. ግን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ፤ እስከ ሰኔ 2009 ዓ.ም. ድረስም ለ20 ዓመት ከዚያ አልወጣም። ለዚያ ካበቁት ምክንያቶች መካከል እርሻና ልቅ ግጦሽ ነበሩ፤ መንገድ ሥራም አንዱ ነበር። የቅርስ ኮሚቴውም ዋናው መንገድ በፓርኩ መሐል ማለፉን ደጋግሞ አንሥቷል፤ የጃናሞራ መስመር ከፓርኩ ውጭ ባለ አማራጭ እንዲተካም ጠይቋል። ዋልያ በዓለም ላይ ከዚህ ሰንሰለት ሌላ አገር የለውም። ሰፊ መንገድ ፈጣን መኪና ያመጣል፤ ፈጣን መኪና ደግሞ ከዱር እንስሳ ጋር አይስማማም። ባሌ ውስጥ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ የሳነቴን አምባ ያቋርጣል፤ በዚያ መንገድ ቀይ ቀበሮ በመኪና ተገጭቶ ሞቷል። በመላ አገሪቱ ከ500 የማይበልጥ ቁጥር ላለው እንስሳ አንዱም ብዙ ነው። አማራጩ መንገድ ተሟልቶ የጃናሞራ ሕዝብ ያለ ስጋት የሚመላለስበት ቀን እንዲመጣ አጥብቄ እመኛለሁ፤ ለዚያ መጮኽም ተገቢ ነው። ነገር ግን መንገድ ለመሥራት ዓመታት ይፈጃል፤ በጀቱም ከሩቅ ነው የሚመጣው። መረጃ ግን በዚህ መስከረም ሊጀመር ይችላል። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ይልቁንም አማራጩ መንገድ ሲከፈት ሹፌሩ ዛሬ የትኛው እንደሚሻለው የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

የመንገድ ዳር መረጃን እኛ አልፈጠርነውም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1977 ለመንገደኞች መረጃ ብቻ የሚውሉ አነስተኛ የሬዲዮ ጣቢያዎችን በሕግ ፈቀዱ። ኃይላቸው አነስተኛ ነው፤ ከጥቂት ኪሎ ሜትር አይዘልቁም። መንገድ ዳር አንድ ምልክት ይቆማል፤ «ሬዲዮህን እዚህ ቁጥር ላይ አድርግ» ይላል፤ ሹፌሩ ሲከፍተው ፓርኩ መሙላቱን፣ በረዶ መጣሉን፣ የትኛው በር መዘጋቱን ይሰማል። ጽሑፋቸው በየሰዓቱ የሚለዋወጥ የኤሌክትሪክ ሰሌዳዎችም አሏቸው። ከእነርሱ ልምድ መማር ያለብን ግን ከመሣሪያው ይልቅ የተሳካውንና ያልተሳካውን የለየው ነገር ነው። ዩታ ውስጥ ያለው የዛየን ፓርክ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ነው። መኪናው ማቆሚያ ሲያጣ ሸለቆው ውስጥ ይዞር ነበር። «ማቆሚያ ሞልቷል» ብሎ መንገር ብቻውን የሹፌሩን ብስጭት ከማፍጠን ሌላ ምን ይጠቅማል? እ.ኤ.አ. በ2000 አውቶቡስ አቆሙለትና መረጃው ትርጉም አገኘ፤ «ሞልቷል፤ መኪናህን ከተማ ትተህ በአውቶቡሱ ግባ» ማለት ተቻለ። በሜን ግዛት የሚገኘው የአካዲያ ፓርክም እ.ኤ.አ. በ1999 ነጻ አውቶቡስ ጀምሮ፣ በ2002 ደግሞ የማቆሚያንና የአውቶቡስን ሁኔታ ለጎብኚው የሚያሳውቅ ሥርዓት ሞክሯል። ትምህርቱ ግልጽ ነው። መረጃ የሚሠራው አማራጭ ሲያስከትል፣ ደግሞም አማራጩን መውሰድ የሚቻልበት ቦታ ላይ ሲነገር ብቻ ነው።

እነርሱ ይህን ሁሉ ያደረጉት ግን እኛ ያለን አንድ ነገር ስለጎደላቸው ነው። እዚያ ሰው ከየአቅጣጫው በመኪናው ነድቶ ይገባል፤ ማን እንደሚመጣ በሩ ላይ እስኪደርስ አይታወቅም። ስለዚህ በሬዲዮ ሊጠሩት ግድ ሆነባቸው። ስሜን ግን የሚገባው ጎብኚ ሁሉ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ቢሮ፣ ገደሉ ጋ ከመድረሱ በፊት ይቆማል። ሕጉም፣ ልማዱም፣ ስካውቱም ያስቆሙታል። ይህ በብዙ ገንዘብ የማይገኝ ዕድል ነው። ሰውየው ደረሰኝ እስኪቆረጥለት የሚቆምባቸው ደቂቃዎች፣ የጉዞውን ሰዓትና አቅጣጫ ሊወስን የሚችልባቸው የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ናቸው። ደረሰኙን የሚቆርጠው ሠራተኛ «አሁን ቡይት ራስ ስድስት መኪና አለ፤ ቀጥ ብላችሁ ወደ ሳንቃበር ዝለቁ፤ ጭላዳውን ስትመለሱ ታገኙታላችሁ» ቢል፣ ይህን ለማለት ቀፎም ሰሌዳም አላስፈለገውም። ደባርቅ ላይ ግን ጥቂት ዘግይቷል፤ መቶ ኪሎ ሜትር ተነድቶ የመጣ ሰው ልቡ ተራራው ላይ ነው። ስለዚህ መልእክቱ ከዚያ በፊት መንገዱን ይዞ መውረድ አለበት፤ ወቅን፣ ዳባት፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ ጎንደር። ጥምቀት ማግስት፣ የጎንደር እንግዳ በአንድ ጊዜ ወደ ስሜን በሚፈስበት ሳምንት፣ ጎንደር ሆቴል ውስጥ ማታ የሚነገር አንድ ዐረፍተ ነገር ደባርቅ ላይ ከሚነገር ሐምሳ ይበልጣል። ያን ማታ የሰማ ሰው በ12 ሰዓት ፈንታ በ4 ሰዓት ይነሣል፤ ወይም ኮሶዬ ላይ ወርዶ ቁልቁል ቆላውን ያያል፤ ወይም ሁለት ቀን መድቦ ዳባትና ደባርቅ ያድራል።

ሰሌዳው ላይ ምን ይጻፍ? ሦስት መስመር ይበቃል። አንደኛው የመንገዱ ሁኔታ ነው፤ ጭጋግ፣ ጭቃ፣ ናዳ፣ ውርጭ። ሁለተኛው የመኪናው ሁኔታ ነው፤ የትኛው ማቆሚያ እንደሞላና የትኛው እንዳልሞላ። ሦስተኛው፣ እኔ ከሁሉ አብልጬ የማየው፣ የጃናሞራ አውቶቡስ በስንት ሰዓት ከየት እንደሚወርድ ነው። ይህን ያወቀ የጎብኚ ሹፌር በዚያ ሰዓት ኩርባ ላይ አይቆምም። በእያንዳንዱ መስመር ጎን የተጻፈበት ሰዓት ይቀመጣል። በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ የሚሠራ ሥራ ነው። መሸት ሲል ይጠፋል፤ ጠዋት በአዲስ ይጻፋል።

የማይጻፈውን መወሰን ደግሞ የሚጻፈውን ከመወሰን አያንስም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የክሩገር ፓርክ ልምድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። በማረፊያ ካምፖቹ ዛሬ አንበሳ የት እንደታየ በካርታ ላይ በቀለም የሚያሳይ ሰሌዳ የቆየ ልማድ ነበር። ጉዳቱ ትንሽ ነበር፤ ማታ ይነበባል፤ ጠዋት እንስሳው ሌላ ቦታ ነው። ተመሳሳዩ መረጃ በስልክ መተግበሪያ በቅጽበት መተላለፍ ሲጀምር ግን መኪናው ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ መሮጥ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአገሪቱ የፓርኮች መሥሪያ ቤት ነገሩ ፍጥነትን፣ የእንስሳት መገጨትንና መጨናነቅን እንዳባባሰ በይፋ አሳስቧል። መጨናነቅን ያስወግዳል ብለን የምንመካበት መረጃ ራሱ መጨናነቅን ሊፈጥር ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ «ዋልያ ጨነቅ ላይ አለ» የሚል መስመር በስሜን መንገድ ዳር በፍጹም ሊጻፍ አይገባም። ሰሌዳው ሰውን ወደ እንስሳው አይጠራም፤ የሰውን መኪና ከሰው መኪና ያለያያል፤ ሥራው ይኸው ብቻ ነው። «ታዲያ ከቡይት ራስ ያባረራችኋቸው ሌላ ቦታ ሄደው ያንን አያበላሹትም ወይ?» የሚል ጥያቄም ከዚህ ጋር ይመጣል። ያበላሻሉ፤ ካልተጠነቀቅን። ለዚህ ነው ወደ አዲስና ለስላሳ ቦታ ከመላክ ይልቅ ሰዓትን መለዋወጥ መቅደም ያለበት። ያው መኪና በ4 ሰዓት ሳይሆን በ8 ሰዓት ቢያልፍ ለአዲስ ስፍራ አዲስ ሸክም አይጨምርም።

«የእኛ ሰው ሰሌዳ አንብቦ ሐሳቡን አይቀይርም» የሚል ንግግርም ይሰማል። ማስረጃው ተቃራኒውን ነው የሚያሳየው። አዲስ አበባ በደመራ፣ በታላቁ ሩጫ ወይም በመሪዎች ጉባኤ ዋዜማ ፖሊስ ለጊዜው ዝግ የሚሆኑትን መንገዶች ከነአማራጫቸው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ያስነግራል፤ በማግስቱ ሹፌሩ ከሳሪስ የመጣውም ከጦር ኃይሎች የመጣውም በዚያው መሠረት ዞሮ ይሄዳል። ከዚያም በፊት ቢሆን አዋጅ በገበያ ቀን በነጋሪት የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ ሳይበተን፣ ወደ ቤቱ ሳይመለስ ስለሆነ ነበር። ሕዝባችን ከልምድ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ወሬና ማስታወቂያ ለየቅል ናቸው። ማስታወቂያ ባለቤት አለው። ስለዚህ «አይሰማም» የሚባለው ብዙ ጊዜ የሰሚው ጥፋት አይደለም፤ ማስታወቂያው ባለቤት አልነበረውም፣ ወይም ሰዓቱ አልፎበት ነበር። ማንበብ ለማይችለውም መናኸሪያ አለ። ተሳፋሪ የሚጠራው ረዳት ድምፁ ከማንኛውም ድምፅ ማጉያ አይተናነስም፤ «ጃናሞራ! ጃናሞራ!» ሲል «ሳንቃበር ላይ ጭጋግ አለ» የሚለውን መጨመር አይከብደውም። ከጎንደር የሚሰራጩት ኤፍ ኤም ጣቢያዎች ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሁለት ደቂቃ ቢሰጡ በመንገድ ላይ ያለ ሚኒባስ ሁሉ ይሰማል። መብራትና የስልክ ኔትወርክ ይቆራረጣል የሚለውም እውነት ነው፤ ስለዚህ ሥርዓቱ በሁለቱ ላይ አይቆምም። በጠመኔ፣ በሰው ድምፅና ስካውት በሚይዘው የእጅ ሬዲዮ ይቆማል። ስልክ ሲኖር ይጨመራል።

ይልቅስ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ እምነት። ፀሐይ በወጣበት ቀን «ጭጋግ» የሚል ሰሌዳ ሁለት ጊዜ ያየ ሹፌር ሦስተኛውን አያነብም፤ ጭጋጉ እውነት የሆነ ዕለት ደግሞ ይገባበታል። ያረጀ መረጃ ከመረጃ እጦት የከፋ ነው። ለዚህ ነው ኃላፊነቱ የጋራ ከተባለ የማንም የማይሆነው። ፓርኩን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ አውቶቡሱን የሚያሰማራው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ነው፤ መንገዱን የሚጠግነው ሌላ ነው፤ ከተማው የከተማ አስተዳደሩ ነው። መረጃው በእነዚህ መካከል ባለው ስንጥቅ ይወድቃል። የአንድ ሰው የሥራ መደብ፣ ሥራው ይህ ብቻ የሆነ፣ ጠዋት ከሳንቃበርና ከጨነቅ ስካውቶች ጋር ተነጋግሮ፣ መናኸሪያውን ጠይቆ፣ የደረሰኙን ቁጥር አይቶ ሰሌዳውን የሚጽፍ ያስፈልጋል። ደሞዙ ከመግቢያ ክፍያው ይሸፈናል፤ ክፍያውን የሚከፍለው ጎብኚ ከዚህ የበለጠ ቀጥተኛ አገልግሎት አያገኝም። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ፓርኩ በእሳት ሲጋይ፣ ጓሳውና አስታው ሲነድ፣ የአካባቢው ሕዝብና ተማሪ ቅጠል ይዞ ወጣ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። በዚያ ዓይነት ቀን ማን ይውጣ፣ ማን ይመለስ፣ የትኛው መንገድ ለውኃ ጫኝ ክፍት ይሁን የሚለውን በአንድ ድምፅ የሚናገር ሰው ማጣት ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በሰላሙ ቀን በጭጋግና በአውቶቡስ ሰዓት የታመነ ሰሌዳ በክፉ ቀንም ይታመናል። በክፉ ቀን የተጀመረ ግን ጊዜ አያገኝም።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ። «ጎብኚው የት አለና ነው ስለ መጨናነቅ የምታወራው?» የሚል አድማጭ አለ፤ አልፈርድበትም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ በ2013 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ዳባትና ደባርቅ ደጃፍ ደረሰ፤ የዳባት ሰው ያየውን እዚህ መዘርዘር አያስፈልገኝም፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም ክልሉ ሰላም አላገኘም። በቅሎ የሚጭነው፣ ምግብ የሚያበስለው፣ የሚያስጎበኘው ወጣት እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። በዚህ ጊዜ ስለ መኪና ሰልፍ ማውራት ቁስል ላይ ቀልድ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ጊዜው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴም ሁለት ነው። የጃናሞራና የበየዳ ሕዝብ ዛሬም በዚያ መንገድ ይመላለሳል፤ መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ ለማወቅ የሚጠይቀው ከወዲያ የመጣን ሹፌር ነው፤ ለእርሱ የሚሆን መረጃ ጎብኚ እስኪመለስ መጠበቅ የለበትም። ሁለተኛው፣ ልማድ የሚተከለው ሰው ሲያንስ ነው። ጎብኚው በአንድ ወቅት ተመልሶ ሲጎርፍ፣ ሁሉም በ2 ሰዓት ቢሮው በር ላይ ሲሰለፍ፣ ማንም ቁጭ ብሎ ሥርዓት አያወጣም። በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ለፓርኩ ሲባል ቤታቸውንና ማሳቸውን ትተው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። ሰዎች ያን ያህል ዋጋ የከፈሉለትን ስፍራ በመኪና ጭስና በጥሩምባ እንዲጎሳቆል መተው በእነርሱም ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

አስጎብኚዎችና ባለበቅሎዎችም የሚያነሡት ሥጋት አለ፤ «ዛሬ ሞልቷል» የተባለ እንግዳ ወደ ጎንደር ተመልሶ ይሄድብናል ይላሉ። ለዚህ ነው ሰሌዳው «ሞልቷል» ብሎ ማብቃት የሌለበት። ማደርን፣ በእግር መሄድን፣ ከሰዓት በኋላ መውጣትን ያሳያል። በቀን ደርሶ መልስ የሚሄድ ጎብኚ ለደባርቅ የሚተወው የምሳ ዋጋ ነው፤ የሚያድረው ግን የአልጋ፣ የእራት፣ የበቅሎና የምግብ አብሳይ ሒሳብ ይተዋል። ሊማሊሞ ጫፍ ላይ ቆሞ ጣልያኖች የጀመሩትን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል የሚያይ፣ ነገ በጠዋት ከጎንደር መኪኖች ቀድሞ ሳንቃበር የሚገኝ እንግዳ፣ ያየው ይበልጣል፤ ያወጣውም ይበልጣል። ደረስጌ ማርያምን ለማየት የሚፈልግ ደግሞ በአንድ ቀን እንደማይሆንለት ቀድሞ ይወቅ፤ አድሮ ይሂድ፤ ያን ጊዜ ከፓርኩ ማዶ ላለው ሕዝብም ድርሻ ይደርሰዋል።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከመስከረም እስከ ጥር፣ ጥምቀትን ጨምሮ፣ ለአንድ ወቅት ይሞከር። ሰሌዳ በደባርቅ መናኸሪያ፣ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት በር፣ በዳባት መግቢያና በመካነ ብርሃን ይቁም፤ በአራተኛው ላይ የሚጻፈው ከጃናሞራ ወደ ደባርቅ ለሚመጣው ነው። የሚለካውም አስቀድሞ ይወሰን። ደረሰኙ ላይ ሰዓት ይጻፍ፤ ያኔ መኪኖቹ አሁንም ሁሉም በ2 እና በ3 ሰዓት መካከል እየወጡ እንደሆነ፣ ወይስ ወደ 4፣ ወደ 5፣ ወደ 8 ሰዓት መበተን እንደጀመሩ ከጥራዙ ይነበባል። የጃናሞራ አውቶቡስ ሹፌር ከቧሂት እስከ ደባርቅ የፈጀበትን ሰዓት መናኸሪያው ይመዝግብ። ጥር ሲያልቅ ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ይዘርጉ። የመውጫው ሰዓት ካልተበተነ፣ የአውቶቡሱም ጉዞ ካላጠረ፣ ሰሌዳዎቹ ይነሡ፤ ለጠመኔውና ለአንዱ ሠራተኛ የወጣው ገንዘብም ለስካውቶቹ ካፖርት ይዋል።